ከማተብ ጋር የታሰረው ቁልፍ

ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ የእጅ ፓምፑ በሰንሰለት ተጠፍሮ ይቆለፋል። ቁልፉ የሚያድረው ደግሞ የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር የአቶ ይሄይስ አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጋር ነው። እሳቸው ሲነሱ ውሃ አለ፤ ካልተነሱ የለም። ተነስተውም ቁርሳቸውን ይበላሉ፤ በቅሏቸውን ያጠጣሉ፤ ከዚያ ደስ ያለቻቸውን ሴት በጣታቸው ጠርተው፣ «ነይ፣ አንቺ ቅጂ» ይላሉ።

ንግሥቴ ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ቻለችው። ዘንድሮ ግን ልጇ ሰብሊ ስምንተኛ ክፍል ናት። እናትዮዋ ወገቧን ካመማት ወዲህ ጀሪካኑን የምትሸከመው ሰብሊ ስለሆነች የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በየቀኑ ያልፋታል። ለፈተናው ወር ሲቀረው መምህሩ፣ «ከእንግዲህ ካረፈደች ክፍል አትገባም» ብሎ ላከ።

ንግሥቴ ሳምንቱን ሙሉ ወገቧን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ቁልፉ ከፓምፑ አጠገብ ካለችው ከአስካለ ማርያም ቤት ይቀመጥ አለች። ያላሰበው ሰው አልነበረም። «እሰይ እታለም! የኛስ አንጀት መቼ አላረረ!» አሏት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባው ተጠራ። ንግሥቴ ሐሳቧን ተናገረች። አቶ ይሄይስ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩ።

«ቄስ ወልደ ዮሐንስ በእጃቸው የቋጠሩልኝ ማተብ ነው። ኑ፣ በጥሱት!»

ሕዝቡ አማተበ።

«ማተቡን ማን ነካብዎ ጋሼ? ፈተው ቁልፉን ብቻ ያውጡት እንጂ» አለች ንግሥቴ።

«ቋጠሮው ጠብቋል። አይፈታም።»

ንግሥቴ ወደ ቄሱ ዞረች። ቄሱ አሳላቸው፤ ከዚያም የደመናውን ነገር ይመረምሩ ጀመር። የቀበሌው ጸሐፊ ተስፋው፣ «ቁልፉ ይውረድ የምትሉ?» ሲል የወጣው የንግሥቴ እጅ ብቻ ነው። አስካለ ማርያም እንኳ ነጠላዋን ስታስተካክል እጇ አልተረፋትም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ሲል መንደሩ በሙሉ እጁን አወጣ፤ ሐሳቡም ወደቀ።

ንግሥቴ ደሟ ፈላ። ልትቀመጥ ነበር፤ አልተቀመጠችም።

«እንግዲያው አይውረድ! ግን ቁልፉ ከሰውየው የማይለይ ከሆነ ሰውየው ከቁልፉ ጋር ይምጡ። በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይክፈቱልን፤ እኛም ተሰልፈን በተራችን እንቅዳ።»

አሁን የሚበጠስ ማተብ የለም። እጆች ወጡ፤ የቄሱም ጭምር። አቶ ይሄይስ አፋቸውን ከፍተው ቃል ሳያወጡ ተስፋው በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው።

አቶ ይሄይስ ሰኞና ማክሰኞ ማልደው መጡ። የማተቡ ክር አጭር ነበርና ቁልፉ ከጓጉንቸሩ ቀዳዳ እንዲደርስ ቁጢጥ ብለው አገጫቸውን ከብረቱ ማስጠጋት ነበረባቸው።

«ጋሼ፣ እየተሳለሙት ነው?» አለች አንዷ ከሰልፉ ውስጥ።

«ዝም በይ አንቺ ባለጌ!» አሉ፣ አገጫቸውን ሳያነሱ።

ረቡዕ ካፊያ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሰብሊ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ንግሥቴ ደጃቸው ሄዳ ልትጮህ ስትነሳ የአቶ ይሄይስ ሚስት መስከረም ቁልፉን በእጇ ይዛ ከተፍ አለች።

«እንኪ! በዚህ ብርድ ማን ጎህ ሲቀድ ይነሳል?»

«ማተባቸውስ?»

«አንገታቸው ላይ ነው።»

«ያ የማይፈታው ቋጠሮስ?»

«ሲነጋ አየነው፤ ራሱ ላልቷል» አለች መስከረም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ንግሥቴ ቁልፉን ተቀብላ ከፈተች። ሰብሊ ተራዋ ደርሶ ቀዳች፤ ጀሪካኑን ቤት አድርሳ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች። ይሄኔ አስካለ ማርያም ከሰልፉ ወጥታ ጠጋ አለች።

«እታለም፣ እንግዲህ ቁልፉ ካንቺ እጅ ነው። ነገ እኔን ታስቀድሚኝ የለ?»

«አንቺ ሴትዮ!» አለች ንግሥቴ፣ ድምፅዋ አቶ ይሄይስ ከተኙበት እስኪሰማ። «ተመለሺና ሰልፍሽን ያዢ!»