ለላቀው የሚሆን ቃል

ሰኞ ዕለት ከእርዳታ ድርጅት አንዲት ፈረንጅ በመኪና መጣች። እዚህ ሱዳን፣ ከመፋዛ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሸራ ሥር ያለነው ሁላችን የሰሊጥ አጫጆች ነን። ሰፈሩን ካምቦ እንለዋለን። ዘንድሮ ጦርነቱ አለ፤ ፋሽጋ ላይ የምናውቀው ባለ እርሻ ትራክተሩን አላወጣም። ወደ መተማ መመለሻውም መንገድ አያስተማምንም። እንዲሁ ተቀምጠናል።

ፈረንጇ ወረቀት ይዛለች። የምታስተረጉምላት ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገችው ብርቱካን ናት። ወረቀቱ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ። ያ ቃል በስሙ ትይዩ የተጻፈለት ሰው ረቡዕ በሚመጣው መኪና ገዳሪፍ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ላቀው ሃያ ስምንት ዓመት ከጎኔ ያጨደ ሰው ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ያስለዋል። ደም ሲተፋ አይቼዋለሁ፤ በእግሩ አፈር ይመልስበታል። ያ መኪና ጥሎት ከሄደ ገናን አያይም።

ተራው ሲደርስ ብርቱካን ቃሉን በአማርኛ ፈለገችና አጣችው። «በዐረቢ ዳዒፍ ነው የሚሉት፣ አያ ላቀው። ዳዒፍ ነዎት ወይ ትላለች።»

ላቀው ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። ዳዒፍ ወኪል ሰው ሲመርጥ የሚላት ቃል ናት። በአጨዳ ወራት ጧት ጧት ገበያው ዳር እንሰለፋለን። የባለ እርሻው ወኪል መዳፋችንን ይዳብሳል፤ ትከሻችንን ጨበጥ ያደርጋል። ጉልበት የለውም ብሎ ዳዒፍ ያለው ከሰልፍ ይወጣል። አንዴ የወጣውን በዚያ ዓመት ሌላ ወኪል አይነካውም። ስለዚህ ወረቀት የያዘ ሰው ፊት ያመመውም ያነከሰውም ጤነኛ ይሆናል። ልማድ ነው።

«እኔ?» አለ ላቀው። አጠገቡ የነበረውን ሙሉ ጀሪካን ብድግ አድርጎ ያዘ። የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ። ሳሉን ዋጠው። «ንገሪያት እንጂ! እኔ ሳጭድ ኋላዬ ነዶ የሚያስር ሁለት ሰው አይበቃኝም በያት።»

ፈረንጇ ፈገግ ብላ አንድ ጭረት አደረገችና ወደሚቀጥለው አለፈች። አሥራ ሰባት ወንዶች ተጠየቅን። አሥራ ሰባታችንም ብርቱ ነን አልን። እኔም ብያለሁ።

መኪናዋ ስትሄድ ላቀው ከሸራው ጀርባ ተቀምጦ ያፈነውን ሳል ሁሉ ሳለው።

ብርቱካንን ቃሉን ካርቶን ላይ አጻፍኳት። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያገኘሁት፣ ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት አለኝ። ፍሬይል። ገጹን አገኘሁት። ደካማ ይላል። አቅመ ቢስ ይላል። በቀላሉ የሚሰበር ይላል። ጤናው የማያስተማምን ይላል። ሁሉንም ላቀው ላይ እያደረግሁ ሞከርኳቸው። በሬ ደካማ ሲባል ይታረዳል። የሚሰበር ብርጭቆ ነው። አቅመ ቢስ፣ ለማኝ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለራሱ የሚለው ነው። መጽሐፉ ያልያዛቸውን እኔ ጨመርኩ፤ ልፍስፍስ፣ መንማና፣ ኮስማና። ስድብ ናቸው። ሰው ከነክብሩ የሚገባበት አንድም አላገኘሁም።

በማግስቱ ብርቱካንን ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት።

«ደክሞታል ብትያትስ?» አልኳት። ደከመኝ ማለት ነውር የለውም፤ የሠራ ሰው የሚለው ነው።

«ብያት ነበር፣ አያ ባንታምላክ። የደከመው ሁሉ ይሳፈር ካልንማ ካምቦው ተነቅሎ ይሄዳል አለችኝ። ወላሂ። ሰውየው ራሱ በአፉ ነኝ ካላለ አትጽፍም።»

«ነኝ ያለው ብቻውን ነው የሚሄደው?»

«ላ፣ ብቻውን አይደለም፤ አንድ አስታማሚ ይፈቀድለታል።»

«አስታማሚውን ሐኪም ያየዋል?»

«እዚያ ከገባ በኋላ ማን ይከለክለዋል? ደሞ ሲስል እየሰሙት!» አለችና አየችኝ።

ለላቀው ምንም አልነገርኩትም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ መኪናው መጣ። ባዶውን ነው። ፈረንጇ ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ ብርቱካንን አንድ ነገር አለቻት።

«የሰኞውን ቃሉን የሚለውጥ አለ ወይ ትላለች።»

ማንም አልተነሣም። ስንሻው የሚባል ቀልድ የማያልቅበት ጎረምሳ «መጀመሪያ አጨዳው የት እንደሆነ ትንገረና!» አለ። ተሳቀ።

ተነሣሁ።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

«ምን ነዎት ልበላት?»

«ዳዒፍ።»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። «አያ ባንታምላክ!» አለ ስንሻው፤ «ትናንትና ግንድ ሲፈልጡ የዋሉት ታዲያ ወንድምዎ ናቸው?»

በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ስለራሴ እንዲህ ያለ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ጉልበቴን ጠመም አድርጌ እጄን ወደ ላቀው ዘረጋሁ።

«ያለ እሱ መራመድ አልችልም በያት። እሱ ብርቱ ነው፤ ሰኞ አይታዋለች።»

ላቀው አየኝ። የገባው ይመስለኛል፤ ላይገባውም ይችላል። መጥቶ ክንዴን ያዘ።

«እኔማ አውቅ ነበር» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ዓምና ራሱ የእሱን ትልም የጨረስኩለት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።»

የሱን የጨረስኩት እኔ ነበርኩ።

«እውነቱን ነው» አልኩ።

ፈረንጇ ጻፈች።

መኪናው የቆመው መንገዱ ላይ ነው፤ ከሸራችን መቶ እርምጃ ይሆናል። ላቀው የሁለታችንንም ጓዝ ትከሻው ላይ አደረገ፤ እኔንም ደገፈ። ጥቂት እንደሄድን ጓዙ ከትከሻው ይንሸራተት ጀመር። ደረቱ ያፏጫል። ጓዙን ልቀበለው እጄን ሰደድኩ። ፈረንጇ መኪናው በር ላይ ቆማ ታየናለች። እጄን መለስኩ። የቻልኩት ክብደቴን ከላዩ ላይ ማንሣት ነው። የተደገፍኩ መስዬ ከክንዱ ሥር ያዝኩት።

«ቀስ» አለኝ ላቀው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ቀስ በል እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል? ይዤህ የለም ወይ?»

ቀስ አልኩ።