የሰርካዲስ ዕቅድ

ሰርካዲስ ድሬዳዋ በነበረው የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኞች ማሠልጠኛ የቤት ለቤት ጉብኝት ታስተምር ነበር። በ1979 ዓ.ም. አንድ የውጭ ድርጅት ለማሠልጠኛው ኮምፒዩተር እሰጣለሁ ሲል ከእሷ በላይ የተደሰተ አልነበረም። ሌሎቹ መምህራን «ይሄ ነገር በዚህ ሙቀት ይቀልጣል» እያሉ ሲያላግጡ፣ እሷ ለብቻዋ ዕቅዱን ስትጽፍ ከረመች። ማሽኑ የት ይቀመጣል፣ ማን ያስተምርበታል፣ ከመስክ ሥራው ምን ያህል ሰዓት ይቀነስለታል፣ ሁሉንም አሰበችበት። ምኞቷ ቀላል ነበር። ተማሪዎቿ ከየቤቱ የሚያመጡት መረጃ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ከሚቀር፣ የታመመ ሕፃን ያለበትን ቤት ወዲያው ለይቶ የሚያሳይ ነገር ትፈልግ ነበር።

መረጃውም የዋዛ አልነበረም። «ስንት ናችሁ ብላችሁ አትጠይቁ» ትላቸዋለች ተማሪዎቿን። «እሱ የቀበሌ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የቀበሌ መልስ ይሆናል። ማታ ከዚህ ትሪ አብሮ የሚበላ ማነው በሉ። ልጇን ከማዕድ የምትቀንስ እናት የለችም።» እውነትም ከከዚራ ሰፈር ጀርባ ያሉ እናቶች ለዚህ ጥያቄ አይዋሹም ነበር። ሰርካዲስን ስለሚያምኗትም ነው። ጨርቅ ነጋዴዋ ዳሃቦ፣ ብሔራዊ ውትድርናን ፈርታ ጓዳ የደበቀችውን ልጇን ሰማታርን ሳይቀር ተናግራለች። «የሰርኬ ተማሪዎች የኔም ልጆች ናቸው፤ ጻፉት» ነበር ያለችው።

ዕቅዱ በሚጸድቅበት ጠዋት ማሽኑ ለሙከራ ተተከለ። የኮምፒዩተር ባለሙያው መሐሙድ የዳሃቦን ሰፈር መረጃ ቀደም ብሎ አስገብቶበታል። ሰርካዲስ የታመሙ ሕፃናት ያሉባቸውን ቤቶች እንዲያወጣ ጠየቀች፤ አወጣ። ተጨበጨበ። ይሄኔ ዕቅዱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ክፍሉ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«በዕድሜም ይለያል?»

«ይለያል ጓድ» አለ መሐሙድ።

«እስቲ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ያሉትን ወንዶች።»

ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን ተፋው። ሰርካዲስ በክፍሉ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። የሰማታር ስም ከላይ ነበር። ክፍሉ ወረቀቱን አጥፎ በር ላይ ለቆመው ሹፌሩ ሰጠና በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ፊቱ ላይ ክፋት አይታይም፤ ጥሩ ዕቃ በርካሽ የገዛ ሰው ነበር የሚመስለው።

ያን ጊዜ ተነሥታ ዳሃቦን ማስጠንቀቅ ነበረባት። ግን ድምፅ ሊሰጥ ነው። እሷ ከወጣች ዕቅዱን የሚሟገትለት ሰው የለም፤ እነዚያ አላጋጮች ይጥሉታል። ሰዓቷን አየች። ቀትር እየተቃረበ ነው። ቀትር ላይ ድሬ ሱቋን ዘግታ፣ ጫቷን ዘርግታ ጋደም ትላለች፤ ፀሐይ እስኪበርድ ፖሊሱም ሌባውም አይነቃነቅም። ሰርካዲስ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና ይህን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ጊዜ አለኝ ብላ ተቀመጠች። ውይይቱ ተንዛዛ፣ በመጨረሻ ዕቅዱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሲያላግጡባት የነበሩት ሁሉ እጇን ጨበጧት። እሷም ደስ አላት፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ከዚያ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሩጫ በቀረው እርምጃ ገሰገሰች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሱቁም ዝግ ነው። ጭርታው አጽናናት። ዳሃቦ ቤት ስትደርስ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የጨርቅ ጥቅሎቹ መሬት ላይ ተበታትነዋል። ወታደሮቹ የመጡት ከከተማው ውጪ፣ ከሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ነበር። ለእነሱ ደግሞ የድሬ ቀትር እንደማንኛውም ሰዓት ነው።

ዳሃቦ ሻሿን ጥላ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«ናያ፣ አንቺ ሰርኬ፣ አላህ ነው የላከሽ» አለቻት። «ሰማታርን ወሰዱብኝ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ትልልቆቹን ታውቂያቸዋለሽ። የጠቆመችብኝ ይቺ ጎረቤቴ ሃሊሞ ናት፣ ወላሂ። ከሷ በቀር ማን ያውቃል?»

ሰርካዲስ ዝም ማለት ትችል ነበር። ሃሊሞ ትወቀስ ነበር፣ የሁለቱ ጉርብትና ይፈርስ ነበር፣ የእሷ ስም ግን አይነሣም። ይህ በሐሳቧ ሽው በማለቱ ራሱ አፈረች፤ በዕድሜዋ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ሃሊሞ አይደለችም» አለች። «እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ የጻፉትን ማሽን ውስጥ አስገባነው፣ ማሽኑ አውጥቶ ሰጣቸው። ወረቀቱ ሲወጣ አይቻለሁ ዳሃቦ። ስብሰባው እስኪያልቅ ብዬ ነው የቆየሁት።»

ዳሃቦ አልጮኸችም። ሻሿን ከመሬት አንሥታ አራገፈችና ቀስ ብላ አሰረች።

«እኔ ማሽን አላውቅም» አለች። «የነገርኩት ላንቺ ነው። ልጄን አንቺው መልሺልኝ።»

«እሺ» አለች ሰርካዲስ። እንዴት አድርጋ እንደምትመልሰው ግን አታውቅም ነበር፤ ዳሃቦም አልጠየቀቻትም።