ሊፓቪየም

እኛ የምንኖርባት የቮልጋ ዳር ከተማ ሥራዋ አተም ነው። እኔ ፎማ ግን ቧንቧ ነው የምሠራው፤ አተም የሚያስፈነጥረው ማሽን እንዳይግል ውሃ የሚያዞርለትን። ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት። የማሽኑ ማግኔት የዳይሬክተሩን የጫማ ሚስማር ከሦስተኛ ፎቅ ነቅሎ እንደወሰደና ሰውየው በካልሲ ስብሰባ እንደመሩ ለከተማው ያወራሁ እኔ ነኝ። ያመነኝ ብዙ ነው።

የቡድናችን አለቃ ራይሳ ዛካሮቭና ነበሩ። የተወለዱባት መንደር ሊፓቮ ግድብ ሲሠራ ውሃ ዋጣት፤ የእናታቸው መቃብር ጭምር። ካርታ ላይ እንኳ የለችም። እሳቸው ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምኞታቸው አንድ ነበር፤ በዓለም ላይ ያልነበረ ንጥረ ነገር ፈጥረው ሊፓቪየም ማለት። የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ የተጻፈውን ውሃ አይውጠውም ይሉ ነበር።

አንድ የበረዶ ወቅት አንዱን ከባድ ብረት በቀላል አተም ሰባት ሳምንት ደበደብነው። አራት ብልጭታ ተገኘ፤ አራት አተም ማለት ነው፣ ሦስት ሦስት ሰከንድ ኖረው የጠፉ። ራይሳ ዛካሮቭና ስሙን ነገሩንና ሙከራው ተደግሞ እስኪረጋገጥ ትንፍሽ እንዳንል አስማሉን። የዓለም ኬሚስቶች ደንብ አላቸው፤ ስም አንዴ ከወጣ በኋላ ግኝቱ ውድቅ ከሆነ፣ ያ ስም ለሌላ ንጥረ ነገር ዳግመኛ አይሰጥም።

የማልሁት ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ እንፋሎት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ እንደ አገራችን ልማድ በበርች ዛፍ ቅጠል ጀርባዬን የሚገርፍልኝ ሰው ጋዜጠኛ መሆኑን እያወቅሁ፣ አራቱን አተም አርባ ሺህ አደረግኋቸው። እንደ አምፖል ይበራሉ አልሁት። ስሙንም ጨመርሁለት፤ ወሬ ያለ ስም አያምርማ። አርባ ሺሁን አላመነኝም። ስሙን ጻፈው። የውጭ ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ አለቆቻችንም ለማስተባበል አፍረው በዚያው ስም ለዓለም ኬሚስቶች ማመልከቻ ላኩ።

በሚያዝያ ራይሳ ዛካሮቭና ስህተቱን ራሳቸው አገኙት። ብረቱ ውስጥ ለዓይን የማይታይ የእርሳስ ማዕድን እድፍ ነበረ፤ አራቱም ብልጭታ የመጣው ከእሱ ነው። የመሻሪያውን ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈው ላኩና ቧንቧ ክፍሌ መጥተው ቆሙ።

«ምን አለበት ራይሳ ዛካሮቭና፣ ሌላ እንሠራለን» አልሁ።

«እንሠራለን። ሊፓቮ ግን አይባልም።»

«እኔ ነኝ የነገርሁት።»

«አውቃለሁ። አርባ ሺህ የሚል ካንተ ሌላ ማን አለ?» ፈገግ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ አላሉም። «ውሃው ሲመጣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ፎማ። የምቆጣው ሰው አጣሁ። ዛሬ አንተን ልቆጣ መጣሁ፤ እሱም አቃተኝ።»

ይስደቡኝ ብዬ ለመንኋቸው። ሄዱ።

ከስድስት ዓመት በኋላ እውነተኛው ተገኘ፣ በእሳቸው እጅ። ስም የሚያወጣው አግኚው ነውና ቅጹን አመጡላቸው። የስሙን ቦታ ባዶ ትተው ፈረሙ። ወጣቶቹ የአንድ የሞተ ሊቅ ስም ሞሉበት። ግብዣው ላይ ለአዲሱ ስም ብርጭቆ ሲነሣ አብረው አነሡ፣ ጠጡም። ከዚያ ካፖርቴን አቀብለኝ አሉኝ። አለበስኋቸው። በማግስቱ ጡረታ ጠየቁ።