የሐሙስ ጩኸት

የእህቴ ባል ሃርቶዮ በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ አጣርቶ ያውቃል፤ ሌላው ሰው ሲለፋ እሱ የሚቀመጥበትን ቦታ። ስልክ ጠጋኝ ነበር። ሱቁን የዘጋው ደንበኛ አጥቶ አይደለም፣ አጎንብሶ መዋሉ ስለሰለቸው ነው። እህቴ ሙርኒ ታይዋን ሄዳ የሰው ሽማግሌ እያጠበችና እያጎረሰች ቤቱን ታኖራለች። እሱ እዚህ ሰማራንግ፣ ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፎ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸውን ወኒንግን አሳድጋለሁ ይላል። ማስ ሃርቶዮ ብዬ ነው የምጠራው፤ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው። አክብሮቴ ከዚች ቃል አልፎ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው በቀልድ ነው። ወኒንግ ከጓደኛዋ ያገኘችውን አንድ አስፈሪ ጌም በአባቷ ኮምፒውተር ላይ ስትጫወት ነበር። ተጫዋቹ ባትሪ ብቻ ይዞ ሰው የሌለበት አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ ይገባል፤ ፖቾንግ ሳያገኘው በር ፈልጎ መውጣት አለበት። ፖቾንግ በነጭ ከፈን ተገንዞ፣ እግሩ እንደታሰረ እየዘለለ የሚመጣ ሙት ነው፤ የእኛ ልጆች ገና በእናታቸው ጀርባ ሳሉ ነው የሚሰሙት። መታጠፊያው ላይ ፊት ለፊት ሲገጥማት ወኒንግ ጮኸች። ጩኸቷ ከተረከዟ ተነስቶ የመጣ ይመስል ነበር፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ቀጥኖ እንደ ጫጩት ሲጥ ይላል። ሃርቶዮ በስልኩ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ባንኮኒው ኋላ ቆሜ ለባልደረቦቼ ሁለት ጊዜ አሳየኋቸው፤ ሲጥ የምትለዋን ድምፅ ደግሞ እኔው ራሴ አስመስዬ አሰማኋቸው። ሃርቶዮን ልሰድብ ስለሆነ የራሴንም ባስቀድም ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ሆነ። የዓርብ ዋዜማ ሙታን የሚንቀሳቀሱበት ምሽት ነው ይባላልና ሃርቶዮ ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ያዘው። ክፍሏ ውስጥ ቀይ አምፖል ሰቀለ፣ ካሜራውን ፊቷ ላይ ደገነ፣ ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አጠለቀላት፤ ስርጭቱም በቀጥታ መተላለፍ ጀመረ። እሱ ከካሜራው ኋላ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ፣ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ጥብስ እየቆረጠመ፣ «ዛሬ ድምፅሽ ቀዝቅዟል፤ ሰው ይሄድብናል!» ይላታል። የተመልካቹ ቁጥርና የሚልኩለት ሳንቲም ከፍ ሲል ለጎረቤት ሁሉ ስልኩን ያሳያል። «ይቺ ልጅ ተሰጥኦ አላት» ይላል። ተሰጥኦው የእሱ የሆነ ይመስል ደረቱን ይነፋል።

ልጅቷ መተኛት አቆመች። መጀመሪያ ሐሙስ ሌሊት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዓርብም ተጨመረ፤ በሁለተኛው ወር ሳምንቱን ሙሉ ሆነ። መብራት ካልበራ አልጋ ላይ አትወጣም። እኔ ቤት መጥታ መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ቡሊክ፣ እዚያው ነሽ?» እያለች ትጣራለች። ቡሊክ የእናት ታናሽ እህት ናት፤ እኔ ነኝ። «እዚሁ ነኝ» እላለሁ። ፊቷን ሳሙና ቀብታ ዓይኗን መጨፈን ስለማትደፍር ዓይኗ ሁልጊዜ እንደቀላ ነው። ጠዋት ጠዋት እኔው ጋ ሩዟን በማንኪያ እያገላበጠች፣ ማንኪያው እጇ ላይ እንዳለ ጭልጥ ትላለች። ከዚያ እንደተነካ ሰው ትባንናለች።

«ምን አየሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምንም። ኮሪደሩን ነው» አለች። «ዓይኔን ስጨፍን ኮሪደሩ ይመጣል። እሱ ገና አልመጣም፣ ሊመጣ ነው። እሱን መጠበቁ ነው የሚያስጠላው፣ ቡሊክ።»

ለሃርቶዮ ነገርኩት። «ክፍል ውስጥ ትተኛለች ብሎ አስተማሪዋ ሦስት ጊዜ ደውሎልኛል» አለኝ። «ታዲያ ትተኛለች ማለት አይደለም? ምን ትፈልጊያለሽ?» በዚህ መልሱ በጣም ረክቶ ነበር።

በኋላ ግን የረታ ሰው ፊት ይዞ መድኃኒት ቤት መጣ። ሰልፉን አልፎ ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደገፈ።

«ኢንዳህ» አለኝ በስሜ ጠርቶ፣ «እስቲ አንድ ነገር ስጪኝ። የእንቅልፍ።»

«ለማን?»

«ለልጅቷ ነዋ። ከዓርብ እስከ ረቡዕ የሚያስተኛ። ሐሙስ ላይ ግን እንዳያደነዝዛት፤ እንድትነቃ ነው የምፈልገው።»

ከኋላው የቆሙት አሮጊት እንኳ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። «ማስ» አልኩት፣ «እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም። አንተን ለሰባቱም ቀን የሚያስተኛ ግን ቢኖር በነፃ እሰጥህ ነበር።» ሳቀ። ሲሰድቡት የሚስቀው ትዕግሥት ኖሮት አይደለም፤ ሌላው ሰው የምሩን ይናገራል ብሎ ስለማያስብ ነው።

ወኒንግ በትምህርት ቤቷ የባንዲራ ጓድ አባል ነበረች። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ሜዳው ላይ ይሰለፋል፤ ሦስት ልጆች ነጭ ጓንት አድርገው በሰልፍ እርምጃ ወደ ምሰሶው ይሄዳሉ፤ አንዱ ገመዱን ይይዛል፣ አንዱ ይስባል፣ አንዷ የታጠፈውን ባንዲራ በአንድ ጊዜ ትዘረጋለች። የምትዘረጋው ወኒንግ ነበረች። ለዚህ ቦታ ስትመረጥ ለእናቷ በስልክ እየዘለለች የነገረቻት ትዝ ይለኛል። በጌሙ ሳይሆን በራሷ ያገኘችው ነገር ይህ ብቻ ነበር።

አንድ ሰኞ ግን ሦስት ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን ሄደች። እርምጃውን አልሳተችም፤ እግሯ ለብቻው ያውቀው ነበር። ምሰሶው ሥር ቆመው፣ ባንዲራውን ከእጥፋቱ ፈታ በረጅሙ ስትዘረጋው ቀዩ ወደ ላይ፣ ነጩ ወደ እሷ ሆነ፤ ንፋስ ገባበትና ነጩ ጨርቅ ተነፍቶ ፊቷ ላይ መጣ። ወኒንግ ለቀቀችው። ጮኸች። ያው ጩኸት ነበር፤ ጫፉ ላይ ሲጥ የሚለው። ከዚያ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ አለች።

ሰባት መቶ ተማሪ ሳቀ። መሳቅ ብቻ አይደለም፣ አጨበጨበ። ስልክ ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት ክልክል ነው ቢባልም ስልኮች ከየኪሱ ወጡ። «በነፃ! ዛሬ በነፃ!» ብሎ የጮኸ ነበር። እሷ መሬት ላይ እየተንቀጠቀጠች እነሱ ትርኢት የሚያዩ መስሏቸዋል። አንድም ሰው ተጎድታ ይሆናል ብሎ አልጠረጠረም፤ ባንዲራውን ያነሳችው ጓደኛዋ እንኳ እየሳቀች ነበር።

ርእሰ መምህሩ ፓክ ሱገንግ አባቷን አስጠሩ፤ ፓክ እንደ አቶ ማለት ነው። ሃርቶዮ «ብቻዬን ያጠቁኛል» ብሎ እኔን ይዞኝ ሄደ። ፓክ ሱገንግ ጥቁር ባርኔጣቸውን አስተካክለው ስለ ባንዲራ ክብር፣ ስለ ጀግኖች ደም ሩብ ሰዓት ተናገሩ። ወኒንግ ጥግ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷ ይወድቃል፣ ቀና ትላለች፣ ይወድቃል።

«ፓክ» አልኳቸው፣ «ይቺ ልጅ እኮ ሁለት ወር አልተኛችም። እስቲ ዞር ብለው ይዩዋት።»

አዩዋት። ፊታቸው ለስለስ አለ፤ እሰይ አልኩ።

«የእኔ ትንሹ አንድም ሐሙስ አያመልጠውም» አሉ። «ካላስቸገርኩ አንድ ፎቶ አብረን ብንነሳ ደስ ይለው ነበር።»

ሃርቶዮ ከወንበሩ ዘሎ ስልካቸውን ተቀበለና አነሳቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፓክ፣ የሰኞውን ቪዲዮ በደንብ የቀረጸ ተማሪ ያውቃሉ? ከቅርብ የተነሳ?» አላቸው።

በዚያች ቢሮ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የመንግሥት ደሞዝ፣ ሌላው የሚስቱን ደሞዝ የሚበላ። ተደማምረው ግማሽ ሰው አልወጣቸውም። የወኒንግን ክንድ ይዤ ወጣሁ።

ታይዋን ደወልኩ። ሙርኒ መጀመሪያ አላመነችኝም። «እኔ እኮ በየሳምንቱ አያታለሁ» አለች። «ሽማግሌው ሲተኙ ጠብቄ ነው የማየው። ልጄን የማይበት ሌላ መንገድ የለኝም። ስትጮህ እስቃለሁ፤ ደስ ብሏት መስሎኝ።» ስታለቅስ እንዳልሰማት ስልኩን ከአፏ እንዳራቀችው ገብቶኛል። «አንቺ ጋ ውሰጃት» አለች በመጨረሻ። «አባትየውን እኔ አናግረዋለሁ።»

ግን ያናገረችው ወኒንግ ናት።

ልብሷን ልንወስድ የሄድነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ፀሐዩ እስከ መኝታ ቤቱ ገብቷል፣ በጎዳናው የሥጋ ድብልብል ሾርባ ሻጩ ሳህኑን በማንኪያ እየመታ ያልፋል። ሃርቶዮ ካሜራውን እያጸዳ ነበር።

«ሐሙስ ትመለሳለች አይደል?» አለኝ፣ ልጅቷ አጠገቤ ቆማ።

ወኒንግ ናት የመለሰችው። «ባፓክ» አለች አባቷን፣ «እርስዎ ራስዎ ተጫውተውት ያውቃሉ?»

«እኔ?»

«አዎ። አንድ ጊዜ።»

«እኔ ድምፁን ነው የምቆጣጠረው። ደግሞ ዓይኔን ያመኛል።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አለች። «ያን ከተጫወቱ ሐሙስ እመጣለሁ።»

ሃርቶዮ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ በሩ አየሁ። ሳቅ እያለ ተቀመጠ። ማዳመጫውን እሷ ራሷ አጠለቀችለት፤ በጥንቃቄ፣ ሁለቱንም ጆሮውን ሸፍና። ባትሪው በራ፣ ኮሪደሩ መጣ። በመጀመሪያው ደቂቃ፣ «እዚህ ጋ ምንም የለም እኮ» አለ፤ ጆሮው ስለተደፈነ እየጮኸ ነው የሚያወራው። በሁለተኛው ደቂቃ ማውራት ተወ። በሦስተኛው ደቂቃ ትከሻው ወደ ጆሮው ተጠጋ፣ እግሮቹን ከመሬት አንስቶ ወንበሩ ላይ ሰበሰበ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እኔ ስክሪኑን አላየሁም፤ እሱን ነበር የማየው። ድምፅ አላወጣም። ማዳመጫውን ከነገመዱ መንጭቆ ጣለውና ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። ላቡ ሸሚዙን አጣብቆታል።

«ማዳመጫው ተበላሽቷል» አለ። «ይነዝራል። ኤሌክትሪክ አለው።»

ወኒንግ አባቷን አየችው። ልትስቅ ትችል ነበር፣ አልሳቀችም። ልትጮህበትም ትችል ነበር። እኔ በዓመታት ውስጥ በስድብ ሁሉ ያላደረግኩበትን በዚያ አንድ አስተያየት አደረገችበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የካሜራውን ገመድ ነቀለች፣ ጠቀለለች፣ ከትምህርት ቤት ልብሷ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።

«እሱን ወዴት ነው?» አለ ሃርቶዮ።

«ቡሊክ ቤት።»

አልከለከላትም። ከግድግዳው ገና አልተላቀቀም ነበር።

ያንን ሌሊት መብራቱን ሳያጠፋ እንዳደረ ጎረቤት ሁሉ አይቷል። ለተመልካቾቹ ግን «ልጄ ለፈተና እየተዘጋጀች ነው» ብሎ ነገራቸው። ሁለት ሐሙስ ራሱ ከካሜራ ፊት ተቀምጦ ሊያወራ ሞከረ፤ ስለ ስልክ ጥገና። ሰው አልመጣለትም። አሁን ሙርኒ የምትልከው ወደ እኔ ስለሆነ ሱቁን መልሶ ከፍቷል፤ ሲያጎነብስ ወገቤን አመመኝ ይላል።

እንቅልፉ ግን ጌሙ ስለቀረ ተመልሶ ከች አላለም። ጤና ጣቢያ ያየችን ነርስ አስቀድማ ነግራናለች። «ሰውነቷ ለሁለት ወር ዘብ ሲቆም ነው የከረመው፤ ሂድ ተኛ ስላሉት ወዲያው አይሄድም» አለችን። ማታ ስልክ የለም፣ በተመሳሳይ ሰዓት አልጋ፣ ቀን ቀን ፀሐይ። ወኒንግ እኔ ክፍል ምንጣፍ ላይ ትተኛለች፣ እጇን አልጋዬ ላይ አድርጋ። ሁለት ሰዓት ትተኛና ትነቃለች። ሦስት ሰዓት ትተኛና ትነቃለች። ሰኞ ባንዲራ አትይዝም፤ ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጥተውባታል። አንዳንዱ ተማሪ እስካሁን ሲያያት ሲጥ ይላል። «ምን ትያቸዋለሽ?» ስላት፣ «ምን እላቸዋለሁ፣ ፈሪዎች ናቸው» አለች፤ በአነጋገሯ የእኔን ድምፅ ሰማሁ።

እኔ ጋ ከመጣች በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ወደ አምባራዋ ከተማ፣ አያቷ መቃብር ላይ አበባ ልንበትን በሚኒባስ ተሳፈርን። ሚኒባሱ ጢም ብሏል፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ሾፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል። ወኒንግ በእኔና ቅርጫት ሙሉ የአኩሪ አተር አይብ በታቀፉ አንዲት ሴትዮ መካከል ተቀመጠች። ገና ከከተማ ሳንወጣ ጭንቅላቷ ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ አፏ ተከፈተ፤ ማንኮራፋት ጀመረች።

ላነሳት እጄን ሰደድኩ። ሴትዮዋ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ተያት» አሉኝ። «ሸክሜ ቀላል ነው።»

መውረጃችን ጋ ደረስን። ሾፌሩ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። እኔ አበባውን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ዝም አልኩ፣ ሚኒባሱም ቀጠለ።