የቬርና ጩኸት

ከፊልም ስቱዲዮው ሲደወልላት፣ ቬርና ሆልክዊስት በደም መጣጩ ጭራቅ ሁለተኛ ፊልም ላይ ሥራ የተሰጣት መስሏት ጥርሷ አልከደን ብሎ ነበር የሄደችው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በመጀመሪያው ፊልም ደም መጣጩ አንገቷን ሲነክሳት የጮኸችው ጩኸት ሆሊውድን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ የሚባል አላየችም።

ዳይሬክተሩ ፕሩዊት አንዲት ለጋ ልጅ ፊት አቆማት። ልጅቷ ቬርና በመጀመሪያው ፊልም የለበሰችውን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች።

«ይቺ መልኳስ ያምራል፤ ስትጮህ ግን ድመት ነው የምትመስለው» አላት። «እስቲ እንዴት እንደሚጮህ አሳዪያት።»

«የእኔስ ቦታ?»

«አንቺማ በመጀመሪያው ሞተሻል እኮ!»

«ደም መጣጩም ሞቶ ነበር። አስነሳችሁት አይደል?»

«ሰው የሚመጣው እሱን ሊያይ ነዋ፣ የኔ እመቤት።»

ቬርና ጥላ ልትወጣ ብታስብም ተመልሳ ልጅቷ ፊት ቆመች። ጮኸች። ደጋግማ ጮኸች፤ በአምስተኛው ላይ ልጅቷ ልክ እንደሷ አድርጋ ጮኸችው። ሠራተኞቹ ሁሉ ለልጅቷ አጨበጨቡላት።

ቬርና ማንም ሳይሸኛት ወጥታ ትራም ተሳፈረች። ትኬት ቆራጩ «የት ወራጅ ነሽ፣ እትዬ?» ሲላት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣላትም። በእጇ ወደ ፊት አመለከተችው።