እፀገነትን ያጠበችው

ሀና ማርያም አካባቢ ሴት ስትሞት የሚጠሩት ተናኘወርቅን ነበር። አጥባ፣ ገንዛ፣ በአቡጀዲ ጠቅልላ ለቀብር የምታዘጋጀው እሷ ናት። ተጠርታ ቀርታ አታውቅም።

በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ማለዳ የጎረቤቷ የጸሐይወርቅ ልጅ እፀገነት ተገድላ አስፋልት ዳር ተገኘች። ገና ተማሪ ነበረች። ቀበሌው ቤተሰቧ ሬሳዋን እንዲያነሳ ፈቀደ፤ ግን ድንኳን እንዳይተከል፣ እንዳይለቀስ፣ እድርተኛም እንዳይሰበሰብ አስጠነቀቀ። አባትየው ጉርሜሳ ልጁን ተሸክሞ ቤት ካስገባ በኋላ በቀጥታ ተናኘወርቅ ዘንድ መጣ።

ተናኘወርቅ ድምፁን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ወጥታ ጋቢ ተከናነበች። ባሏ ነጋ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሲያተኩሳት እንዳደረና መነሳት እንዳቃታት ነገረው። ጉርሜሳ እግዜር ይማራት ብሎ ተመለሰ። ምርቃቱን ከጋቢው ስር ሰማችው።

ብዙም ሳይቆይ ዙሌካ በጓሮ በኩል መጣች። ዙሌካ ባለ ሱቅ ናት፤ በሙስሊሞቹ ዘንድ የሴት ሬሳ የምታጥበው እሷ ነበረች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከእድሩ ሴቶች ደፍሮ የመጣ ስለሌለ እሷ ልታጥባት እንደሆነ፣ ግን የክርስቲያኑን ሥርዓት እንዳታበላሽ መስጋቷን ነገረቻት።

«እጇን እንዴት ነው የምታደርጉት?» አለቻት።

ተናኘወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ የእጇ አውራ ጣቶች አንድ ላይ በክር እንደሚታሰሩ፣ የእግሯም እንዲሁ እንደሆነ ነገረቻት። ዙሌካ እንዳትሳሳት ደግማ ጠየቀቻት። ስትነሳ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ትኩሳት አልነበራትም። ዙሌካ ጋቢውን አስተካክላላት ወጣች።

ከዚያ በኋላ ተናኘወርቅ መተኛት አልሆነላትም። ነጋ እየከለከላት ነጠላዋን ደርባ ሄደች። ስትደርስ ሬሳው ወጥቷል። ዙሌካ ብቻዋን ጎንበስ ብላ ወለሉን ታጥባለች። ተናኘወርቅ ሳትታይ ተመለሰች።

ከሰልስቱ በኋላ ጸሐይወርቅ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ተናኝ፣ ተሻለዎት?» አለች። «መጥቼ ሳልጠይቅዎት ቀረሁ።»

ተናኘወርቅ ፔርሙዙን አልተቀበለቻትም። «ጸሐይ፣ አላመመኝም ነበር» አለቻት። «ፈርቼ ነው።»



«ፀጉሯን ደም አጣብቆት ነበር» አለች ጸሐይወርቅ፣ ፔርሙዙን እንደያዘች። «ዙሌካ ቀስ እያለች አበጥራ ጎነጎነችላት። እርስዎ እስኪሻልዎት እንጠብቅ ብዬም ነበር።»

ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ጸሐይወርቅ ለማንም አላወራችም። መንገድ ላይ ሲገናኙም ሰላም ትላታለች፤ አንገቷን የምትደፋው ተናኘወርቅ ናት። ሌላ ጊዜ ብስራተ ገብርኤል አጠገብ አንዲት ሴት ተገድላ ሲጠሯት፣ የቀበሌ ጠባቂዎች በር ላይ ቆመው እያዩ ገባች። አጠበቻት፤ ገነዘቻት። የሟች እናት ጉልበቷ ላይ ወድቃ ስትመርቃት ግን ቶሎ ብላ አነሳቻትና፣ እባክዎን እኔን አይመርቁኝ ብላ ለመነቻት።