ድጋፍ የምትለዋ ቃል

ርዕሰ መምህር ይግዛው የእኔን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀባቸው። ስለ እኔ የሚሉት ጠፍቷቸው አይደለም፤ መሀሉንማ በአሥር ደቂቃ ነው የጨረሱት። «መምህርት ሀኒያ አብዱራዛቅ በትምህርት ቤታችን ለስድስት ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማሩ፣ በሥራቸው ትጉህ፣ በጸባያቸው ምስጉን...» እያለ ይወርዳል። የከበዳቸው አናቱ ነው።

«ለማን ልበለው?» አሉኝ፤ ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ እንደቆመ።

«ሞጣ ላለው ትምህርት ቤት ነዋ፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ማን ያነበዋል ነው የምልሽ።»

ከቢቸና ሞጣ ድረስ ዘንድሮ ሚኒባስ የሚያስቆም ብዙ ነው። አንዱ ማኅተም የሌለው ወረቀት ያስቆጣዋል፤ ሌላው ማኅተም ያለው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ወርዶ የሚጠይቅ ደፋር እስካሁን አልተገኘም።

መሄድ ግን ነበረብኝ። ሞጣ ያሉት አባቴ ከረመዳን ወዲህ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው ብቻቸውን ቤት ውለዋል። እዚያ አንድ የግል ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ይፈልጋል። «የድጋፍ ደብዳቤውን እስከ ዓርብ ካላመጣሽ ለሌላ ሰው እንሰጣለን፤ በቴሌግራም የተላከ አንቀበልም፤ ኦርጅናሉን» ብለውኛል፣ የአባቴን ሕመም በስልክ ነግሬያቸውም።

«‹ለሚመለከተው ሁሉ› ብዬ ብጀምረውስ?» አሉ ጋሼ ይግዛው።

ጸሐፊያቸው አገሬ ከወረቀት ክምር ውስጥ ቀና አለች። «‹ሁሉ› ካሉማ ሁሉንም ጠሩ ማለት ነው። ቢመጡስ?»

«እንግዲያው ‹ለሚመለከተው አካል› ልበላ።»

«አካልማ እነሱው ናቸው፣ ጋሼ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም በሩን አዩ።

በመጨረሻ የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ጻፉ፤ ሌላ ማንንም የማይጠራ። ከሥሩ አገሬ እንደ ልማዷ «ጉዳዩ፦ የድጋፍ ደብዳቤ ስለመስጠት» የምትለዋን መስመር አስገባች። ስለዚች መስመር ማናችንም አንድ ደቂቃ አላሰብንም። ጋሼ ይግዛው ፈረሙ፤ ክቡን ማኅተም ሲመቱ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ሐሙስ ጠዋት ተሳፈርኩ። ደብዳቤውን አልደበቅኩትም፤ የተደበቀ ወረቀት ሲገኝ የባሰ ይናገራል። ከዲግሪዬ ጋር በላስቲክ ክላሰር ይዤው ነበር።

ደብረ ወርቅን እንዳለፍን መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ሾፌሩ ባየ ሙዚቃውን አጠፋው። አራት ሰዎች፣ አራት መሣሪያ። ልብሳቸውን አየሁ፤ ከላይ ወታደር፣ ከታች ገበሬ ይመስላል። የየትኛው ወገን እንደሆኑ ግን አልነገረኝም።

«ውረዱ። መታወቂያ፣ ወረቀት፣ ያላችሁን።»

አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመው ክላሰሬን ተቀበለኝ። ዲግሪዬን ገልብጦ አለፈው። ደብዳቤው ላይ ሲደርስ በጣቱ እየተከተለ ድምፁን አውጥቶ ያነብ ጀመር።

«ጉዳዩ... የድጋፍ... ደብዳቤ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ድጋፍ?»

«አዎ፣ ወንድሜ።»

«ማንን ነው የምትደግፊው?»

አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ግማሽ እርምጃ ራቅ አለች። ባየ ጎማውን ማየት ጀመረ፤ ጎማው ምንም አልሆነም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ምርጫ ያለው ፈተና ሳወጣ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላወጣሁም። ፈታኙ የማን እንደሆነ ካልታወቀ መልሱ ከየት ይመጣል? «ማንንም አልደግፍም» ልል አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ማንንም አለመደገፍም እንደሚያስጠይቅ ትዝ አለኝና መልሼ ገጠምኩት።

«እኔን ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ደብዳቤው ነው እኔን የሚደግፈው። ሥራ እንዲሰጡኝ።»

«አንቺን?»

«እኔን።»

«አንቺ ማነሽ?»

«የኬሚስትሪ መምህር።»

ይሄን ባልል ይሻል ነበር። ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ኬሚስትሪ ትላለች። ፈንጂ ነው የምታስተምሪው?»

«ኧረ ወላሂ! ጨውና ኮምጣጤ ነው። ላብራቶሪያችን ከዚያ ሌላ ምንም የለውም።»

አንደኛው ሳቀ። ባለፎጣው አልሳቀም። ደብዳቤውን ከ«ጉዳዩ» መስመር ሥር አጠፈው፤ እጥፋቱን በምራቁ አርሶ በጥፍሩ ጫን አለውና ቀስ ብሎ ቀደደው። አናቱን ጨምድዶ ወደ ገደሉ ወረወረ፤ የቀረውን ሰጠኝ።

«ይሄን ቃል ይዘሽ አትለፊ። ወደፊት ያሉት እንደኔ አይጠይቁም።»

ወደፊት ያሉት! ሞጣ እስክንደርስ በየመታጠፊያው እነሱን ስጠብቅ ሄድኩ። አልመጡም፤ ወይም እኛን አልፈለጉንም።

ዓርብ ጠዋት የሞጣው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ሰገነት ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን ተቀበሉኝና ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፣ ለማን እንደተጻፈ የለው፤ «መምህርት ሀኒያ» ብሎ ይጀምራል።

«አናቱስ?»

«እትዬ፣ መንገድ ላይ...»

እጃቸውን አነሡ። «አትንገሪኝ።» ተነሥተው በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም። «የት እንደሆነ አትንገሪኝ፤ ማን እንደሆነ አትንገሪኝ። እኔም አልጠየቅኩሽም።»

«ታዲያ ሥራው...?»

ማኅተሙን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። ፊርማውንም አዩት። ከዚያ ከመሳቢያቸው መቀስ አወጡና የተቀደደውን ጠርዝ፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ቀጥ አድርገው ከረከሙት። አሁን አነስ ያለ ወረቀት እንጂ የተቀደደ አይመስልም። ፋይል ውስጥ አስገቡት።

«ሰኞ ትጀምሪያለሽ። ዘጠነኛ ሀ እና ለ። አባትሽንም እግዜር ይማርልሽ።»

ላመሰግን ስል አላዩኝም። ከመቀሱ የወደቀችውን ቀጭን ቁራጭ በሌባ ጣታቸው ከጠረጴዛው ላይ እያነሡ ነበር። የቆሻሻ ቅርጫቱን አዩት፤ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው ቁራጯን ከተቱና ዚፑን እስከ መጨረሻው ዘጉት።